ያላቀረበችው ቅሬታ

ፌንጣ ሲቀና ሆዱ ብቻ አይደለም የሚቀናው፤ ጆሮውም ጫማውም ይቀናል። ፌንጣ ያሉት አንድ ቦታ አልቀመጥ ስለሚል ነው። ሥራው ግን መቀመጥ ነው። በስልክ ታክሲ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደንቅሮ፣ ሹፌር ያመናጨቀውንም ጃንጥላውን የረሳውንም ሲያባብል ይውላል። ስልክ ቁጥር ከመታ የሰው ውሎ ስክሪኑ ላይ ዝርግፍ ነው፤ ከየት ተነሳ፣ የት ወረደ፣ ማን ነዳው።

ታዲያ ደንበኛው ራሱ ካልደወለ ገጹን መክፈት ክልክል ነው። ሲስተሙም ከማስገባቱ በፊት "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል።

እጮኛው ፀጉር ሠሪ ናት። ሰሞኑን ከሥራ ስትወጣ ስልክ አታነሳም። "የት ነበርሽ?" ሲላት "እዚሁ" ትለዋለች። እዚሁ የሚባል ሰፈር ደግሞ የለም። ያቺ "እዚሁ" ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረችበት።

አንድ ቀን ከምሳ መልስ ቁጥሯን መታ። "ለምን?" አለው ሲስተሙ። "የደንበኛ ቅሬታ" የሚለውን ነካ። ውሸት መሆኑ አልጠፋውም፤ ግን ቅናት የያዘውና ሽንት የያዘው ሰው በር አያንኳኳም።

ተከፈተለት። ከፀጉር ቤቱ እየተነሳች ከገበያው ጀርባ ትወርዳለች። ደጋግማ። ያውም በአንድ ሹፌር። ያውም አምስት ኮከብ ሰጥታው፣ ከሥር "ጨዋ ልጅ" ብላ ጽፋለት።

"ጨዋ ልጅ" አለ ፌንጣ ጥርሱን ነክሶ። "እኔን አንድ ቀን ጨዋ ብላኝ ታውቃለች?"

አጠገቡ የምትሠራው ትልቅ ሴት፣ እትዬ የሚላት፣ አንገቷን አሰገገች። "ማን ላይ ነው የምታጉረመርመው?"

"ደንበኛ ነው፣ እትዬ።"

"ደንበኛህን ባለፈው በር ላይ አስተዋውቀኸኝ የለ እንዴ? ዝጋው የኔ ልጅ፣ የሰው ገመና ነው።"

"የኔ እጮኛ ናት እኮ።"

"እጮኛነቷ ላንተ፣ መንገዷ ለራሷ።"

አፍሮ ዘጋው። ቅናት ግን ማስተዋልን ይበላል፤ በቅሬታ የተከፈተ ገጽ ሲዘጋ ሲስተሙ በራሱ ለደንበኛው መልእክት እንደሚልክ ረሳ። በየቀኑ ደንበኛን "እባክዎ ኮከብ ይስጡኝ" እያለ የሚለምነው በዚያው መልእክት ነበር።

ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። "ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ጉዞዎ ያቀረቡትን ቅሬታ ተመልክተናል። ባልደረባችን እንዴት አስተናገደዎት?" ይላል። ከሥሩ የፌንጣ ስም እስከ አያቱ ተገትሯል።

"ቅሬታ አለኝ ብያለሁ?" አለችው።

"ሲስተሙ ተሳስቶ..."

"ሲስተሙ ነው የሚቀናው? አንድ ኮከብ ሰጥቼሃለሁ። ዜሮ አጥቼ ነው።"

"አጠፋሁ፣ የኔ እናት። ግን ያ ሹፌር..."

"ሹፌሩ የት እንደምወርድ የሚያውቀው ነግሬው ነው። አንተ ሰርቀህ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባሏን ሸሽታ የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ ፀጉሯን እኔ ነኝ የምሠራት። የምትመላለሰው በናንተ መኪና ነው። ባሏ ያንተ ወንበር ላይ ቢቀመጥስ?"

ፌንጣ ጫማውን አየ።

"እሺ፣ አሁን እንደ ሰው ጠይቀኝ። የምንጋባ ከሆነ መልሴን ታምናለህ። ካላመንክ ሠርጉን እርሳው።"

"የት ነበር የምትሄጂው?"

"አክስቴ ጋ። ታማለች፤ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ነው።"

ማመን ፈለገ። እንደውም ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። አክስቷ ግን መቼ ነው ገበያው ጀርባ የገባችው? የአክስቷን ቁጥር ነገ ጠዋት ቢመታው፣ ቤቷ የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

"የአክስትሽ ስልክ ያው የድሮው ነው?" አለ እንደ ዋዛ። "እግዜር ይማርሽ ልላት።"

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"የእሷንስ ገጽ ምን ብለህ ነው የምትከፍተው?" አለችው።

መንገዱን ተሻግራ የሚያልፍ ታክሲ በእጇ አስቆመችና ገባች። ፌንጣ ቆሞ፣ ታርጋውን በቃሉ ለመያዝ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ መኪናው ታጠፈ።