የሞርጂና ሁለት እርሳሶች

ሐቴም አሊ ልብስ ሰፊ ነው። ፊደል ከመቁጠር አልፎ ማንበቡ ብዙም አልሆነለትም። እናም የትዳር ደላላው ጎፉር ከዳካ የመጣውን የሙሽራ መግለጫ ወረቀት ጮክ ብሎ ሲያነብለት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«የተከበረ ቤተሰብ። ልጁ ጨዋ፣ መልከ መልካም። ዳካ ሱቅ በበዛበት ሰፈር የራሱ የጨርቅ መደብር አለው። አግብቶ አያውቅም።»

«በቃ፣ ዓርብ ቀለበት ይታሰር!» አለ ሐቴም።

አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ኮሌጅ ለመግባት ቀን የምትቆጥረው ልጁ ሞርጂና አላለቀሰችም። «ወረቀቱን አንዴ ስጠኝ አባዬ» አለችና ከቦርሳዋ ሁለት እርሳስ አወጣች፤ ቀይና ሰማያዊ።

ሐቴም እርሳሶቹን ሲያይ ደሙ ፈላ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ተማሪዎቹ «ዲዲሞኒ» እያሉ የሚጠሯቸው መምህርቷ ኦኒማ ልጆቹን ጋዜጣ እያስነበቡ፣ ሄዶ ማረጋገጥ የሚቻለውን በሰማያዊ፣ የጸሐፊው የግል አስተያየት የሆነውን በቀይ አስምሩ ይሉ ነበር። ሞርጂና ታዲያ የገዛ አባቷን ማስታወቂያ ይዛ «የከተማው ምርጥ ሰፊ» የሚለው ላይ በቀይ አሰመረችበት። ያን ቀን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ «ልጆቻችንን ታላቅ የማያምኑ አደረግሽብን!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸባቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ውሃ አስመጡለት እንጂ ክፉ አልመለሱለትም።

ሞርጂና «የተከበረ» ላይ ቀይ አሰመረች። «ጨዋ»፣ ቀይ። «መልከ መልካም» ላይ ስትደርስ ከወረቀቱ ጋር የተላከውን ፎቶግራፍ አየት አድርጋ ሳቀች፤ ቀይ። መደብሩና «አግብቶ አያውቅም» የሚለው ብቻ ሰማያዊ ሆኑ።

«ይኸው! እነዚህ እውነት ናቸዋ!» አለ ሐቴም።

«አይደለም አባዬ። ዲዲሞኒ ሰማያዊ ማለት እውነት ነው አላሉንም። ሄዳችሁ እዩ ማለት ነው ያሉን።»

«ወይ ጉድ!» ጎፉር አሾፈ። «ሰው እኮ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ አይታይም!»

ይህቺ ነገር ሐቴምን ወጋችው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ሳይዘረጋና በብርሃን ሳያይ የገዛው አንድ ክንድ ጨርቅ የለም። ለልጁ ግን የታጠፈ ወረቀት በቅቶት ነበር። ሐሙስ ማለዳ ዳካ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ።

መደብሩ አለ። ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው።

«እሱማ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ ዓምና ወጣ» አለው ባለቤቱ የሙሽራውን ፎቶግራፍ አይቶ። «ሚስቱ ልጇን ታቅፋ ትላንትም የት ገባ እያለች መጥታ ነበር። አንተስ ምኑ ነህ?»

ሐቴም ክው አለ። «ምኑም አይደለሁም» አለ። «አላህ ይመስገን፣ ምኑም አይደለሁም።»

ቀለበት ሊታሰር በነበረበት ዓርብ ትልቅ የኢሊሽ ዓሣ ይዞ፣ ልጁን አስከትሎ መምህርቷ ደጃፍ ቆመ። ዓይኑን ከመሬት ማንሳት አቃተው።

«ያን ጊዜ አጥፍቻለሁ ዲዲሞኒ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን አተረፉልኝ። እንደ እርስዎ ያለ አስተማሪ በዓለም የለም!»

«አባዬ፣ ቀይ ነው እኮ» አለች ሞርጂና በሹክሹክታ።

መምህርት ኦኒማ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ቀይ ይሁን፤ የሚያጠፋው ግን የለም» አለ ሐቴም ዓይኑን በእጁ እየጠረገ። «ሰኞ ኮሌጅ ላስመዘግባት ነው። ይቺን በሰማያዊ ያስምሩልኝ ዲዲሞኒ። መጥተው ይዩ።»