የተነቀለችው ሮማን

«አሁን ደግሞ ምን ፈልጋ መጣች?» አለች ማክዳ በሹክሹክታ።

ቤሩት ዳርቻ፣ ጅዴይዴ ባለችው ጠባብ የኪራይ ክፍል ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ለሐዘን ተቀምጠዋል። ሀረገወይን ወደቡ በፈነዳ ዕለት ካረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሩ ላይ የቆሙት አሮጊት ደግሞ አሠሪዋ ማዳም ናይላ ናቸው፤ ከራስ ቤሩት ብቻቸውን መጥተዋል።

የሟቿ የቅርብ ጓደኛ እታገኝ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻቸው። እንቅልፍ ካጣች ወዲህ ሁሉ ነገር ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላታል፤ ድምፁ ሩቅ፣ ብርሃኑ ተንሳፋፊ። ዓይኗን ከደን ስታደርግ ሀረግ ነጫጭ የዛጎል ዛፎች መሃል ስትራመድ ትታያታለች።

የሀረግ የእሁድ ወሬ ስለ ሳንዱቅ ነበር፤ የማዳሟ አያት ከደማስቆ ተድረው ሲመጡ ይዘውት ስለመጡት፣ በባሕር ዛጎል ስለተለበጠው የሙሽራ ሣጥን።

«ሳንዱቁ ላይ ያለው የጽድ ዛፍ ‹አትጠውልጊ› ማለት ነው፤ ሮማኑ ደግሞ ‹ልጅ ይብዛልሽ›» ትላለች፣ በጣቷ አየር ላይ እየሣለች።

«ታዲያ ማዳምሽ ለምን አልወለደችም?» አለቻት አንድ እሁድ እታገኝ።

«አንዷ ሮማን ተነቅላለቻ! ያኒ፣ ማለቴ ምርቃቱ ጎድሏል። እኔ ነኝ የማስሞላላት።»

ማዳም ናይላ ደጃፉን አላለፉም። «እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ በዓረብኛ። «ሮማኗ የጎደለችበትን የሳንዱቁን መሳቢያ ይዛ፣ ወደቡ አጠገብ ወዳለው አናጺ። እኔ ነኝ።»

«ይኸው፣ በአፏ አመነች!» አለች ማክዳ። «ኸላስ፣ በቃ ትውጣልን!»

ሁሉም ወደ እታገኝ ዞሩ። ለሟቿ እንደ እህት የምትቆጠረው እሷ ናት፤ ይውጡ ካለች ይወጣሉ። የሚወቀስ ሰው ማግኘት ደግሞ ለሐዘንተኛ እንዴት ያለ እፎይታ ነው።

ግን ያን ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወደቡ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ሀረግ ደውላላት ነበር። «ማዳሜ ‹ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ነገ ትሄጃለሽ› ብትለኝ እምቢ አልኩ። ዛጎሉን ሲገጥመው ማየት አለብኝ። አናጺው ሊያስተምረኝ እኮ ነው፣ እታገኝ! ‹እጅሽ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው› አለኝ።»

«ሂጂ እንግዲህ፣ ያላ!» ብላት ነበር እታገኝ፣ እየሳቀች።

ይህን እስካሁን ለማንም አልተነፈሰችም።

«እርስዎ አልላኳትም» አለች በዓረብኛ። ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ነገ ሂጂ ብለዋት ነበር። ራሷ ለምና ነው የሄደችው። እኔም… እኔም ሂጂ ብያታለሁ።»

ማክዳ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ በሩን ተደግፈው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። እታገኝ ተነሥታ ክንዳቸውን ደገፈችና ፍራሹ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ድምፃቸውን አውጥተው ሲያለቅሱ ከሽበታቸው መሃል የተሰካች ደቃቅ የመስኮት መስታወት ስባሪ አየች። በሁለት ጣቷ፣ ቀስ ብላ ለቀመችላቸው።