በእማዬ ስም የሚመጣው ቁጥር

ስብሰባ መሃል ስልኬ ጮኸ። ስልሳ ስምንት፣ ቀስቱ ወደ ታች። ከሰባ በታች ሲወርድ እንዲጮህ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ቱኒስ ተቀምጬ ጋቤስ ያለችውን እናቴን የምጠብቃት በዚህ ነው፤ ክንዷ ላይ የተለጠፈችው መለኪያ ስኳሯን ለስልኳ ትነግራለች፣ ስልኳ ደግሞ ለእኔና ለሐኪሟ ያስተላልፋል።

ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

«እማ፣ ጾመሻል አይደል?»

«ሰላምታ የለም እንዴ? ሐኪሙ ከከለከለኝ ወዲህ መቼ ጾሜ አውቃለሁ? ለሸድሊያ የማፍጠሪያ ሾርባ እየሠራሁ ነው።»

ሸድሊያ የአባቴ እህት ናት። ከእናቴ በላይ ባለው ፎቅ ብቻዋን ትኖራለች።

«ስኳርሽ እየወረደ ነው። ቴምር ብዪ።»

«ደህና ነኝ እኮ።»

«ብዪ አልኩሽ! ስታኝኪ ልስማ።»

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ እንድታዢን ነው?» አለች። ግን በላች። ጭማቂም አስጠጣኋት።

ስልሳ አንድ። ቴምር ወዲያው እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ጠበቅኩ። ሃምሳ አራት። እናቴ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራለች። ስኳሩ እዚህ የደረሰ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል፤ የእሷ ምላስ ግን ምላጭ ነው።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ያልብሻል?»

«የሚያልበኝ በአንቺ ጭቅጭቅ ነው።»

«መለኪያዋን ጫን በያት፤ ለቅቃ ይሆናል።»

የድስቱን ክዳን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«እማ?»

«እንዳትጮኺብኝ። ረመዳን ሲገባ አዲሷን ሸድሊያ ክንድ ላይ ለጠፍኳት።»

«ምን?»

«እኔ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፤ ምን ያደርግልኛል? ሐኪም እየከለከላት የምትጾመው እሷ ናት፣ ኢንሱሊን እየወጋች። በረመዳን ያለውን ማካፈል ነው። ቁጥሯ ጣሪያውን አልፎ ስልኬ ላይ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ሁሌ እንዲህ ይላል፣ ተመልሶ ይወጣል።»

«የት ናት?»

«እስከ አዛን ልተኛ ብላለች።»

«ሩጪ!»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ደረጃውን ሲወጣ ይሰማኛል፤ ትንፋሿም። «ሸድሊያ! አንቺ ሸድሊያ!» አርባ ስድስት።

«ነቅታለች?»

«ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አላወቀችኝም። ላብ አጥምቋታል።»

«አስቀምጫት። ድዷን ማር ቀቢ። መዋጥ ስትችል ብቻ የስኳር ውሃ በማንኪያ ስጫት።»

ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰማሁ። ባልደረባዬ በሩን ከፍታ እንድገባ በእጇ ጠራችኝ፤ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«አዛን አለ?» አለ የደከመ ድምፅ።

«አላለም። ዋጪ።»

«እንግዲያው ኃጢአቱ ባንቺ ነው፣ ማኑቢያ።»

«በእኔ ይሁን። ዋጪ ብያለሁ!» አለች እናቴ።

ስልኬ ግን አርባ አራት ይላል። መለኪያዋ ከደሙ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ይህን እያወቅኩም ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አቃተኝ። አርባ ዘጠኝ ሲል፣ ቀስቱም ወደ ላይ ሲዞር፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሐኪሙ ረመዳን እንደገባ ቁጥሩን አይቶ፣ ከሰዓት በኋላ እየወረደ ነው ብሎ የእናቴን ኢንሱሊን ቀንሷል። ያየው የሸድሊያን ነው። እኔ ደግሞ አሁን ቴምርና ጭማቂ ጨመርኩባት።

«እማ፣ አንቺስ ሰሞኑን እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ውሃ ጠጥቼ አልረካም እንጂ። ዓይኔም ትንሽ ይደበዝዛል። ሙቀቱ ነው።»

«የድሮው የጣት መለኪያ የት አለ?»

«ታች ነው። እሷን ጥዬ ልውረድ?»

«ሂጂ፣ እኔ አልሞትኩም!» አለች ሸድሊያ ከኋላ።

ወረደች። መሳቢያ ሲከፈት፣ «ኧረ ጣቴን!» ስትል ሰማሁ።

«ስንት አለ?»

«ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ልጄ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።»

«አልተበላሸም» አልኩ። «ምድጃውን አጥፊና ጫማሽን አድርጊ። ሸድሊያንም አስነሻት። ሁለታችሁም ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ፤ መኪና እኔ እጠራለሁ።»