የመሪጌታ ሱዶኩ

የታሪክ መምህርቷ ጽናት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሱዶኩ ጋር ትታገላለች፤ ባዶ ቤቶቹ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁጥሮች የሚሞሉ እንቆቅልሽ ነው። በሰንጠረዡ ላይ መስመሮች ተሰምረዋል፤ መስመሩ የሚያልፍባቸው ቁጥሮች ሲደመሩ ጫፉ ላይ የተጻፈውን መስጠት አለባቸው። አንዱ ሦስት ቤት አልፎ ሃያ አራት ይላል።

አጠገቧ የተቀመጡት የባሕረ ሐሳብ መምህር መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ሕጉን ጠየቋት።

«ቁጥር ካልተደገመማ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ናቸዋ!» አሉና እርሳሷን ተቀበሏት።

ጣርማ በር ሲደርሱ ሾፌሩ «መሪጌታ፣ ተዝካር አለብኝ ብለው አልነበር? ይውረዱ እንጂ» አላቸው።

«አራት ቤት ቀርቶኛል፤ ንዳው!»

«ተዝካሩስ አባ?» አለች ጽናት።

«የሞተ ሰው አይቸኩልም፣ ልጄ።»

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ጻፉ። ተሳፋሪው አጨበጨበላቸው። መሪጌታም እየሳቁ ወርደው ወደ ጣርማ በር የሚመልሳቸው መኪና ፍለጋ ሄዱ።