የማፈንጃው ሞላ

ኢንጂነር ፈዬራ አምቦ አቅራቢያ ባለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሞርታር ቅምቡላ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሥራው ምስጢር ስለሆነ ጌዶ ያሉት ቤተሰቦቹ ማረሻ የሚሠራ ይመስላቸዋል።

በ1981 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ታናሽ ወንድሙ ጉርሙ ቀኝ እጁን አጥቶ ከሰሜን ግንባር ተመለሰ። ፈዬራ ሊጠይቀው ጌዶ ሄደ። እናታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ እንግዶች ለመሸኘት ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጥይት ነው የመታህ?»

«ጠላትማ መቼ አገኘኝ! የራሳችን ቅምቡላ ነው። ገና ከአፈሙዙ ብቅ ሲል ፈነዳ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ እዚያው ሞተ።»

ፈዬራ ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። «ጉርሙ፣ እኔ ማረሻ አይደለም የምሠራው» አለና ሁሉንም ነገረው።

«ከእናንተ ይምጣ ከሩሲያ ማን ያውቃል? ሁለቱንም እንተኩስ ነበር» አለ ጉርሙ። ከዚያ ድምፁ ጠነከረ። «ታዲያ ኦቦ ፈዬራ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ጓደኞቼ አሁንም እየተኮሱ ነው እኮ!»

ፈዬራ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለሰ። መንገዱ አላልቅ አለው፤ ጉደር ላይ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲወጣ፣ ወርዶ በእግሩ መሮጥ አማረው።

ካፖርቱን ሳያወልቅ የፋብሪካው መጋዘን ገብቶ ማፈንጃዎቹን ይፈታ ጀመር። ቅምቡላው ርቆ እስኪሄድ ማፈንጃውን ይዞ የሚያቆየው፣ ፋብሪካው በቅርቡ መጠቀም የጀመረው አዲሱ ሞላ በጣት ሲጫኑት ተጣጥፎ ይቀራል። ማሽኖቹን አስቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል እየሮጡ መጡ። «ማን ፈቀደልህ? ጦሩ እየጠበቀ!»

«እንግዲያው ጓድ ኮሎኔል፣ አንዱ ይተኮስና እኔና እርስዎ አጠገቡ እንቁም።»

ኮሎኔሉ ቅምቡላውን አዩት። ከዚያም «ሞላው ይቀየር» አሉ።

«ቀድሞ የተጫነውስ?»

«የሄደ ሄዷል።»

ፈዬራ እንቅልፍ አጣ። ሬዲዮ ስለ ጦርነቱ ባወራ ቁጥር ምግቡን ትቶ ይወጣል። በየቀኑ የኮሎኔሉን በር ሲያንኳኳ ሰንብቶ ወደ ሰሜን እንዲላክ አስፈቀደ። ሚስቱ አስካለች «አብደሃል!» ብላ አለቀሰች።

አሥመራ ባለው መጋዘን ሣጥን እየከፈተ ደካማውን ሞላ ሲለቅም ወራት ቆየ። ምሽግ ድረስ የሄዱት ቅምቡላዎች ላይ ግን አልደረሰም።

ሲመለስ ጉርሙ «አገኘሃቸው?» አለው።

«ብዙውን።»

«ሁሉንም አይደለም?»

«አይደለም።»

«የደረስክላቸውም አሉ» አለ ጉርሙ።

በማግስቱ ፈዬራ ሥራውን ለቆ ፊዚክስ ለማስተማር አመለከተ። አልተፈቀደለትም፤ ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ።