የሦስት ቀን ፕሮቫ

ልብስ ሰፊው ቤት ውስጥ ዝግታ እያሉ ነው የሚጠሯት። ስሙን ያወጣላት ሰፊው ራሱ ነው፤ ለስድብ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ነገር እስኪገባት ጊዜ ትወስዳለች፤ አንዴ ከገባት ግን በጉጠትም አይወጣም። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። አሥራ አንዱን ዓመት እዚሁ የሸሚዝ ቁልፍ በየመልኩ ስትለይና ስትተክል ኖራለች። እሷ የተከለችው ቁልፍ፣ ሸሚዙ ነትቦ ቢያልቅ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እናቷ ካረፉ ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ታላቅ ወንድሟ ታዲያ በሐሳብ እንቅልፍ አጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይወዳታል። ችግሩ፣ ፍቅሩ አፍ እንጂ ጆሮ አልተሠራለትም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ጠያቂውም እሱ፣ መላሹም እሱ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወረቀት ይዞ ከተፍ አለ።

«ፈርሚልኝ። ከእንግዲህ ሞግዚትሽ እኔ ነኝ። እኔ ቤት ትገቢያለሽ፣ ሥራውን ትተያለሽ፣ አርፈሽ ትቀመጫለሽ» አላት። ወዲያው ወደ ሰፊው ዞረና፣ «በጣም ደስ ብሏታል» አለው።

ዝግታ ወረቀቱን አገላበጠችው። ፊደል ትለያለች፤ እንዲህ የታጨቀ ጽሑፍ ግን ያደናግራታል።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?» አለች ሰፊውን።

ሰፊው መነጽሩን አጠለቀና አንድ በአንድ አስረዳት። የት እንደምትኖር ወንድምሽ ይወስናል። ሥራ መሥራትሽንም እሱ ይወስናል። ሐኪም ቤት ስትሄጂ የሚመለሰውንም እሱ ይወስናል። ፈርሚም አላላት፣ አትፈርሚም አላላት። ወንድሟ በመሃል ጥልቅ ሊል ሲል ግን በዓይኑ ገላመጠው።

ዝግታ ክፍሏን አሰበች፣ የቁልፍ ሣጥኖቿን አሰበች። በልብስ ሰፊው ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ልብስ ዝም ብሎ ተሰፍቶ አያልቅም። መጀመሪያ ለጊዜው በክር ይያያዝና ደንበኛው ይሞክረዋል፤ የት ያዘህ፣ የት ሰፋህ ተብሎ ይጠየቃል። ፕሮቫ ይሉታል።

«ያለ ፕሮቫ አልፈርምም» አለች። «ሦስት ቀን ቤትህን ለብሼ ልየው።»

ወንድሟ ሳቀ። ሞኝ፣ የረታ መስሎት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የወንድሟ ሚስት ባሏን፣ «እህትህ እራት ምን ትወዳለች?» ብላ ጠየቀችው። እህትየው አጠገቧ ቁጭ ብላለች። «ሾርባ» አለ ባል። ሾርባ አትወድም፤ ዝም ብላ ጠጣችው። በሁለተኛው ቀን «ደክሟታል፣ ትተኛ» ተባለ። አልደከማትም፤ ተኛች። ዝም አይነቅዝም ብላ ጣራ ጣራውን ስታይ ዋለችና አመሻሽ ላይ ፈገግ አለች። ሰፊው ያቺን ፈገግታ ቢያያት ኖሮ መቀሱን ይደብቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ የበላይ አለቃውን ምሳ ጋብዟል።

«እንዴት ነህ፣ ጤናህስ?» አለ እንግዳው ሲገባ።

«ደህና ነው» አለች ዝግታ ቀደም ብላ። «ትንሽ ሆዱን ይነፋዋል እንጂ።»

የሚጠጣ ነገር ቀረበ። «ለእሱ ለብ ያለ ወተት ይሻለዋል» አለች። ወተቱ መጣ። ከዚያ ብድግ ብላ የወንድሟን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ «ብርድ ይመታዋል።» ወንድሟ በእንግዳ ፊት ምን ይበል? አንገቱ ታንቆ ወተቱን ያያል።

«አዲሱን የቢሮ ኃላፊነትስ እንዴት አገኘኸው?» አለ አለቃው።

«በጣም ደስ ብሎታል» አለች ዝግታ።

«እኔ አፍ የለኝም እንዴ?» ብሎ ጮኸ ወንድሟ።

«አለህ» አለችው ረጋ ብላ። «እኔም አለኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ሾርባው ትዝ ብሎት ይሁን እንጃ፣ መልሶ ከደነው። አለቃው ሳቁን ለመደበቅ ውኃ አነሳ።

በማግሥቱ ወንድምና እህት ወደ ሰፊው ቤት መጡ። ወንድሟ ወረቀቱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ... የት ያዘሽ?»

ሰፊው ጠመኔውን አቀበላትና መስመር በመስመር አነበበላት። የመኖሪያው ላይ ጭረት፣ የሥራው ላይ ጭረት። ሐኪም ቤቱ ላይ ስትደርስ እጇን ያዝ አደረገች።

«ሐኪሙ ሲፈጥን አይገባኝም። አብረኸኝ ትመጣና ቀስ ብለህ ታስረዳኛለህ። የምመልሰው ግን እኔ ነኝ።»

«ይሁን» አለ ወንድሟ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፈረበትና ወደ መስኮቱ ዞረ። «እሑድ ምሳ እኛ ጋ ትበያለሽ» አለና ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ... መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይ?»

ዝግታ ቁጭ አለችና የቁልፍ ሣጥኗን ሳበች። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር መለየት ጀመረች። ወንድሟ ቆሞ ይጠብቃል። አንዴ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሳና ኪሱ ከተተው። ሰፊው ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

መልሱን ወንድሟ ጠይቆ ሳይጨርስ ነው ያወቀችው። ግን በሠላሳ አራት ዓመቷ ወንድሟ መልሷን ሲጠብቅ ገና ዛሬ ነውና ጣማት። ሣጥኑን እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ለይታ ጨረሰችና ቀና አለች።

«ሾርባ ካልሆነ እመጣለሁ።»