ስም የሌለው ቁልፍ

ፎልክማር ዛይበርት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበ። ከኮምፒውተሩ የምትወጣው ድምፅ፣ ያቺ ቁጣም ርኅራኄም የማታውቅ ሴት፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ አነበበችለት። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከጥር ወር መጀመሪያ አንስቶ በአዲሱ የኤሌክትሮኒክ ደንብ ያልተዘጋጀ የክፍያ መጠየቂያ አይቀበልም። ስለ መልካም ትብብርዎ እናመሰግናለን።

ጊዜው ጥቅምት ነበር።

ፎልክማር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ብርሃን አላየም። ማርቡርግ የመጣው በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋን ለቆ አያውቅም። በዚህች ከተማ ነጭ በትር የያዘ ሰው ሲያልፍ ዞሮ የሚያይ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በግሉ ፒያኖ እየቃኘ ኖሯል። ከደንበኞቹ ሁሉ ትልቁ ይኸው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፦ ሠላሳ ስምንት ፒያኖ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። የእንጀራው እኩሌታ ማለት ነው።

ሂሳቡን የሚይዝበት ፕሮግራም ጓደኛው ሃርትቪግ የሠራለት ነበር። ሃርትቪግም ዓይነ ስውር ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ ለራሱና ለአምስት ጓደኞቹ የጻፈው፣ ሥዕል የሚባል የሌለበት፣ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ የሆነ ነገር። ሃርትቪግ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሞተ። የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ታዲያ አዲሱን ደንብ ማን ያስተምረው?

መጀመሪያ የነገረው ለእህቱ ለአልሙት ነው። አልሙት ፉልዳ ከተማ ትኖራለች፤ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች።

"ታዲያ ምን ችግር አለ" አለች በስልክ። "ለእኔ ላክልኝ በቃ። በወር አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እጨርስልሃለሁ።"

"አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም? ደግሞ ያቺን የሃይድሩንን ነገር ልታነሳ ነው?"

"እኔ መች አነሳሁ። አንቺ ነሽ ያነሳሽው።"

ሃይድሩን የቀድሞ ሚስቱ ናት። በትዳር ሳሉ ወረቀቱን ሁሉ የምትይዘው እሷ ነበረች። ሲለያዩ አንድ መሳቢያ ተከፈተ፤ ከግብር ቢሮ የመጡ የሁለት ዓመት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ ተቀምጠዋል። ሰርቃው አይደለም፤ አንዲት ሳንቲም አልነካችም። "እንዳላሳዝንህ ብዬ ነው" አለችው እያለቀሰች። ያንን ዕዳ ከነቅጣቱ ስድስት ዓመት ከፈለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ስለ ገንዘቤ ከእኔ ቀድሞ እንዳያውቅ ብሎ ማለ።

ሰባት የግብር አማካሪዎች ጋ ደወለ። ሰባቱም ሥራ ሞልቶብናል፣ አዲስ ደንበኛ አንቀበልም አሉት። ሰባተኛዋ ቢያንስ ደግ ነበረች። "የእርስዎ ሥራ ትንሽ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ይግዙ። ዛሬ ልጅም ይሠራዋል" አለችው።

እናም መምረጥ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲከፍት የኮምፒውተሩ ድምፅ "ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ" አለችው። ምን የሚያደርግ ቁልፍ እንደሆነ ግን አትናገርም፤ የሠሩት ሰዎች ሥዕል አድርገውበት ስሙን ሳይጽፉ ትተውታል። ሁለተኛው ስም ነበረው፤ ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ይምረጡ አለው። ፎልክማር ለብቻው ሳቀና ፕሮግራሙን ዘጋው። ሦስተኛው ጥሩ ሄዶ ሄዶ የክፍያ መጠየቂያው ገጽ ላይ ሲደርስ ዲዳ ሆነ። ወደ ድርጅቱ ደወለ።

"አጠገብዎ የሚያይ ሰው የለም?" አለው ስልኩን ያነሳው ወጣት።

"አለ። የፊት ለፊት ጎረቤቴ እንደ ንስር ነው የሚያየው። ግን ፒያኖ አይቃኝም።"

ወጣቱ ቀልዱ አልገባውም። አስተያየትዎን መዝግበናል ብሎ ዘጋ።

ከሥር ፎቅ ዳግማር ኖልተ ትኖራለች፤ ሕመምተኛ የምታሽ፣ እሷም ዓይነ ስውር፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። ማታ ማታ ሾርባ ይዛ ትወጣለች።

"እስካሁን አልመረጥክም? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይመረጥም" አለችው።

"አንዱ ዲዳ፣ አንዱ ደንቆሮ። የትኛውን ልውሰድ?"

"ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ። ብዙ የማይናከሰውን ውሰድ።"

አራተኛው ፕሮግራም ብዙ የማይናከስ መሰለው። ገጾቹ ይነበባሉ፣ አብዛኛው ቁልፍ ስም አለው። የአሮጌው ፕሮግራም መዝገብ በራሱ አልገባ ቢለው፣ የዓመቱን የክፍያ መጠየቂያ በሙሉ በእጁ ሊያስገባ ተነሳ፤ የየደንበኛውን ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ ቀንና ዋጋ ከነቫቱ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ። ቀን ፒያኖ ይቃኛል፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ለዚህ ሰጠ። ህዳር እንዲሁ አለቀ። ጆሮው ከመዛሉ የተነሳ አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ክር እየቃኘ ልክ መድረሷን አለመድረሷን መለየት አቃተው፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፈራ።

በታህሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም የመጨረሻውን አስገባ። ከገጹ ግርጌ ሦስት ቁልፎች ነበሩ። የኮምፒውተሩ ድምፅ "ተመለስ" አለች፤ "ሰርዝ" አለች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "ቁልፍ" ብቻ ብላ ዝም አለች። መመለስ አልፈለገም፣ መሰረዝም አልፈለገም። የቀረው አስቀምጥ የሚለው መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ተጫነው።

"ተከናውኗል" አለች።

እፎይ ብሎ ሻይ ጣደ። ውኃው ሳይፈላ ስልኩ ጮኸ።

"አቶ ዛይበርት፣ ይህ ምንድን ነው የላኩልኝ? እኔ እኮ በግንቦት ከፍያለሁ።"

ይቅርታ ጠይቆ ሲዘጋ ሌላው ጮኸ፤ እሱን ሲዘጋ ሌላው። ሦስተኛው ሰው የደረሰውን ኢሜይል አነበበለት፦ የመክፈያ ጊዜዎ አልፏል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ካልከፈሉ በሕግ እንጠይቃለን። ያ ስም የሌለው ቁልፍ ለሁሉም ላክ የሚል ኖሯል። ገና የክፍያዎቹን ቀን ስላላስገባ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም እንዳልከፈሉ ቆጥሮ፣ ለሁለት መቶ አሥራ አራቱም ማስጠንቀቂያ በትኖላቸዋል።

እስኪመሽ ደወሉ። አንዱ ሳቀበት፤ አንዱ አጭበርባሪ ብሎ ሰደበው፤ አንዲት ሴት "ለነገሩ ዓይን የሌለው ሰው ገንዘብ ሲይዝ እንዲህ ነው" አለችና ራሷ ደንግጣ ዘጋችው። ከሁሉ የጎዳው ግን የወይዘሮ ኢርምጋርድ ፔትሪ ነገር ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው።

"ልጄ፣ ረስቼብህ ኖሯል፤ አፈር ልብላልህ" አሉት። "አሁን በባንክ አስገብቼልሃለሁ። እባክህ ወደ ሕግ አትውሰደኝ።"

ከፍለው እንደነበር ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ እሳቸው ግን ይቅርታ መጠየቃቸውን አላቆሙም።

ሰኞ ጠዋት የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ አቶ ብራንዲስ ደወለ። ትሁት ሰው ነው፤ ትህትናው ነው ያስፈራው።

"ሠላሳ ስምንት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል፣ አቶ ዛይበርት። ለእያንዳንዱ ፒያኖ አንድ አንድ።"

"ስህተት ነው። ፕሮግራሙ…"

"ይገባኛል። በሥራዎ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ግን የበላይ አካል ጠየቀን፤ ለመጪው ዓመት ከካሰል ከተማ አንድ ድርጅት ጋር ተስማምተናል። ዝም ብዬ ደብዳቤ ከምልክ ብዬ ነው የደወልኩት።"

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለ ፎልክማር፤ ምን ያመሰግናል?

ኮቱን ደርቦ ወጣ። እግሩ ወደ ላን ወንዝ ድልድይ ወሰደው። ውኃው ግድቡ ላይ ሲወድቅ እየሰማ፣ የድልድዩን ብረት ይዞ፣ ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ያፈራው ስም በአንድ ጣት ግፊት ሄደ። ቢያንስ ሰክሮ ቢሆን፣ ቢያንስ ቸኩሎ ቢሆን። አስቦ ነው የተጫነው። አንድ መንገደኛ ክንዱን ያዝ አደረገው።

"ኑ፣ ላሻግርዎ" አለው ሰውየው፣ መልስም አልጠበቀም።

በሌላ ቀን ቢሆን ይቆጣ ነበር። ያን ቀን እምቢ የሚልበት አቅም አጣ። ሰውየው ወደማይፈልገው ዳር አሻግሮት፣ መልካም ቀን ተመኝቶለት ሄደ። ፎልክማር እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ተመለሰ።

ደረጃው ላይ ዳግማር ጠበቀችው። እርምጃውን ሰምታ አወቀች።

"ልተወው ነው፣ ዳግማር። ለአልሙት እሰጣታለሁ፤ ዕቃዎቼንም እሸጣለሁ።"

"ነገ ትተዋለህ። ዛሬ እነዚህን ሰዎች ይቅርታ ትጠይቃለህ" አለች። "እነሱ እስኪደውሉ ምን ትጠብቃለህ? ስማቸውን አስነብብ፤ እኔ ቁጥሩን እደውላለሁ፣ አንተ ትናገራለህ።"

"ይህን ሁሉ ሰው?"

"ምላስህ አይዝልም። የኔ እጅ በቀን አሥራ ሁለት ጀርባ ያሻል፣ ዝሎ ያውቃል?"

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ብዙዎቹ ይቅር አሉት፤ ዘጠኝ ሰዎች ዳግመኛ እንዳይመጣ ነገሩት። የወይዘሮ ፔትሪን ገንዘብ በዚያው ቀን መለሰ፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ አመኑ።

አንድ መቶ ስድሳኛ ግድም ላይ የነበረችው ወይዘሮ ቬንከ ራዲንግ ናት፤ ጊሰን ከተማ የምትኖር፣ ልጅዋ ፒያኖ የምትማርላት። ይቅርታውን ሰምታ "ቁልፉ ስም አልነበረውም ማለት ምን ማለት ነው?" አለችው።

አስረዳት።

"እኔ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ለእጅ ሙያተኞች የሂሳብ ፕሮግራም ነው የምሠራው" አለች። "መጥቼ ልስማው?"

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ፎልክማር የሷን ፕሮግራም አስከፈታትና የኮምፒውተሩን አንባቢ ድምፅ አበራ። "ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።"

"አሁን ስክሪኑን አጥፊውና አንድ የክፍያ መጠየቂያ ጻፊልኝ" አላት።

ሃያ ደቂቃ ታገለች። ስትጨርስ የፎልክማር ስም የደንበኞች ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ ዋጋው አራት ዩሮ።

"ርካሽ ነኝ" አለ ፎልክማር። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነበር።

እሷ አልሳቀችም። "ስምንት ዓመት ሠርቼዋለሁ" አለች። "አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ አልሞከርኩትም። ገናን አልፌ እመለሳለሁ። ተስፋ ግን ልሰጥዎት አልችልም፤ አራት ሰዎች ነን፣ ሥራውም የተቆላለፈ ነው።"

ያ ገና ከባድ ነበር። ፒያኖ የሚያድስበትን የሥራ ክፍል ኪራይ ከጥር በኋላ መክፈል እንደማይችል ስላወቀ የበሩን ቁልፍ ለአከራዩ መለሰ፤ ሁለት ዓመት ያደሰውን አሮጌ ትልቅ ፒያኖ ለአንድ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሸጠ። ሲጭኑት አጠገቡ ቆሞ የእግሮቹን መንገጫገጭ ሰማ። አልሙት በገና ማግስት መጥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች።

"ወንድም ዓለም፣ ስጠኝና ይለይልን" አለችው። "አንተ እኮ ለእኔ ሸክም አይደለህም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"መጥፎም ቢሆን፣ ዕዳዬን ከሰው አፍ መስማት አልፈልግም፣ አልሙት። ራሴ ልስማው።"

አልሙት ተናደደች፤ ሳህኑን ስታጥብ ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ሲሸኛት ግን አቅፋው ቆየች።

ቬንከ ራዲንግ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ለአርባ አንድ ቁልፎች ስም ሰጥታለች። "ሦስቱን አልቻልኩም፤ እስከ የካቲት ይታገሱኝ" ብላ የትኞቹ እንደሆኑ፣ በየትኛው ገጽ እንዳሉ፣ ቢነካቸው ምን እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ ነገረችው። ለሁሉም ላክ የሚለው ደግሞ ከመላኩ በፊት ለስንት ሰው እንደሚሄድ ቆጥሮ፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ቆንጆ አልነበረም፤ ቀስ ይላል፤ አንዳንዴም ቀኑን ሁለት ጊዜ ያነባል። ፎልክማር ያንን መረጠ።

በጥር ሁለተኛ ሳምንት፣ ለአንድ የአረጋውያን ማረፊያ የቃኘውን አንድ ፒያኖ ዋጋ፣ መቶ አሥር ዩሮ፣ በአዲሱ ደንብ አዘጋጅቶ ላከ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ተቀባዩ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አምስት ጊዜ አስነበበ። በፊት እንዲህ ያለውን ሥራ በሦስት ደቂቃ ነበር የሚጨርሰው።

ለአሥራ ስድስት አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ። ሁለቱ መለሱ። ከሁለቱ አንዱ ቬተር በምትባለው የገጠር ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልነካው ፒያኖ አለን፣ ከፈለጉ መጥተው ይዩት የሚል። ፎልክማር ቦርሳውን አንግቦ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። የአዳራሹ ጠባቂ በሩን ከፍቶለት፣ ማሞቂያው ተበላሽቷል ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ፎልክማር ጓንቱን አወለቀ፣ ክዳኑን አነሳ፣ መካከለኛውን ድምፅ መታ። ከልክ በታች ወርዷል፣ ግማሽ ድምፅ ያህል።

"ይድናል?" አለው ጠባቂው።

"ቀኑን ሙሉ ይወስዳል" አለ ፎልክማር፣ መቃኛውን እያወጣ። "ካላስቸገርኩዎ አንድ ወንበር ይስጡኝ።"